የመጀመሪያው ዱቄት

ወልደአማኑኤል ድንጋይ ወቃሪ ነው። ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ፣ ከጥያ እስከ እምድብር፣ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ስልክ ቁጥሩን ይዞታል። የወፍጮ ድንጋይ ሥራ ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ድንጋይ ደግሞ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አይፈጨውም። ያኔ ወልዴ ይጠራል። የላይኛውን ድንጋይ በሰንሰለት አንስቶ ይገለብጠዋል፣ መውቀሪያውን ይይዛል፣ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ግማሽ ቀን ቋ ቋ ሲያደርግ ይውላል። ሲነሳ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የአፍንጫው ፀጉር ሳይቀር ነጭ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሽማግሌው» እያለ ይስቅበታል፤ ዕድሜው ግን ገና አርባ አልሞላም።

አንድ ሕግ አለው። ድንጋይ በተወቀረ ዕለት የመጀመሪያው ዱቄት አይበላም። መጀመሪያ ፉርሽካ ይገባል፣ ይደፋል፤ እንደገና ይገባል፣ ይደፋል። የድንጋዩ ብናኝ ተጠርጎ ሲወጣ ነው የሰው እህል የሚፈጨው። ሴቶቹ ጆንያቸውን ይዘው ተሰልፈው፣ ልጅ ጥለን መጥተናል፣ ቶሎ በል ቢሉት አይሰማም። አንዴ ቡታጅራ ውስጥ አንድ የወፍጮ ቤት ጌታ ሠርግ ደርሶብኛል ብሎ ፉርሽካውን ዘሎ የሰው ገብስ ቢፈጭ፣ ወልዴ ዱቄቱን በገዛ እጁ መሬት ላይ ዘረገፈው። ሰው ጥርሱ ተሰብሮ ስሜን ሲያነሳ አልሰማም አለ። ሥራውን እንዲህ ነው የሚወደው።

ለማያውቀው ሰው ጥርስ እንዲህ የሚሳሳ ሰው፣ ከሴት ጋር ሲሆን ምን ዓይነት ሕግ ይኖረዋል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሕጉ ያው ነበር። የወፍጮውን ሕግ ነው ወስዶ ሴት ላይ ያዋለው፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። አዲስ ሴት ከሆነች ኮንዶም ከኪሱ አይጠፋም። ሱቅ ገብቶ ስሙን ለመጥራት አፉ እንደሚተሳሰር ወንድ አይደለም፤ ሰው በሞላበት ጮክ ብሎ ይጠይቃል። ሳምንታት አልፈው ሴትየዋ የሚወደውን ምግብ ስታውቅ፣ ጋቢውን አጥባ ስትሰቅልለት፣ በሩን ሳያንኳኳ መግባት ሲጀምር ግን ነገሩ ይቀራል። በሆዱ፣ እንግዲህ ፉርሽካው አልፏል ይላል። ኮንዶም ለእንግዳ ነው፤ ቤተኛን በኮንዶም መቅረብ እሱ ዘንድ እንደ ስድብ ነው። ጓደኞቹም ሻይ ላይ፣ «ከረሜላ ከነወረቀቱ ይበላል እንዴ?» እያሉ ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ሦስት ነበሩት። ቡታጅራ ሚስቱ ትርሲት አለች፣ በቁርባን ባይሆንም በሽማግሌና በድግስ ያገባት። ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያላት ሃኒ አለች። ወልቂጤ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ጠዋት ጠዋት ፍርፍርና ሻይ የምትሸጥ ሩቲ። ወልዴ ራሱን ሴሰኛ አይልም። እንዲያውም በየሆቴሉ የሚያድሩትን ሾፌሮች ይታዘባል። እኔ የትም አልሄድም፣ ያው ቤቴ ነው የምሄደው ይላል። ቤቱ ሦስት መሆኑን ማንም አይጠይቀውም።

ከሦስቱ ሩቲን ይፈራታል፤ የምትናገረው እውነት ስለሆነ። ረጅም ናት፣ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። አንድ ቀን ክትፎ ሠርታ ስትጠብቀው ከሳህኑ ጎን አዲስ የቀንድ ማንኪያ አስቀምጣለች። ይሄ ያንተ ነው፣ ሌላ ሰው አይበላበትም አለችው። እሱም ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው። ኮንዶሙ የቀረው በዚያ ቀን ነው።

ትርሲት ከሠርጓ በኋላ ለዓመታት ሳትወልድ ቆየች። ያልተጠመቀችበት ጠበል፣ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። የወልዴ እናት ጥያ ሆነው በየመስቀሉ ሆዷን እያዩ ይተነፍሱ ነበር። በመጨረሻ ስታረግዝ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እንደ ደንቡ ደሟን አዩላትና ከኤች አይ ቪ ነፃ ነሽ አሏት። ደስታዋን ልትነግረው ስትደውል ወልዴ ጉብሬ ሃኒ ቤት ነበር። ስልኩን ዘግቶ ለሃኒ፣ «ሚስቴ ተመረመረች፤ ነፃ ነን» አላት። ነፃ ነን። የትርሲትን ደም እንደራሱ ደም ቆጥሮት ቁጭ። ወልቂጤ ሲመለስ ለሩቲም ያንኑ ደገመላት። ሩቲ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ቀናም ሳትል፣ የተመረመረችው እኮ እሷ ናት አለችው። ቀልድ አደረገውና አለፈው።

ብዙም ሳይቆይ ሩቲ መክሳት ጀመረች። ከዚያ አንድ ጠዋት ቤቷ ተዘግቶ አገኘው፤ ቀጥሎ ሲመጣ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ሴት ሻይ ትቀዳለች። ሩቲ ታማ እምድብር ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች አለችው። ሩቲ በዚያ ሰሞን ደጋግማ ደውላለት ነበር፤ ታለቅስብኛለች ብሎ አላነሳም። ሄዶ አልፈለጋትም። ሆድ ይፍጀው አለ። የቀንድ ማንኪያው የት እንደገባ ግን አንዳንዴ ያስበዋል።

ትርሲት ክረምቱ ሲገባ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱን ምሥጋና አሏት። ያን የሚያህል ድንጋይ የሚገለብጠው ወልዴ እንዴት አድርጎ እንደሚታቀፋት ጠፋው።

በሐምሌ ከእምድብር ገሠሠ የሚባል የወፍጮ ቤት ጌታ ጠራውና ሄደ። ዝናብ ነበር። ድንጋዩን ወቅሮ ገጠመ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ፉርሽካው ገባ። ብናኙ ቤቱን ሞላው። በዚያ ነጭ ጭጋግ ውስጥ፣ ከተሰለፉት ሴቶች መካከል፣ አንዲት ረጅም ሴት ቆማ ታየዋለች። መጀመሪያ የሞተ ሰው ያየ መሰለው፤ በሆዱ ከቀበራት ቆይቷል። ሩቲ ነበረች። ግን የከሳችው ሩቲ አይደለችም፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ ፊቷ ወዝ አለው።

ወደ ጓሮ ጠራችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ደህና ነሽ?» አላት።

«አሁንስ ደህና ነኝ። ሊያመልጠኝ ሲል ነው የደረስኩበት። ክሊኒክ ሄጄ ቫይረሱ አለብሽ አሉኝ፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ።»

ወልዴ እንደ ሰው፣ እንዴት ነሽ፣ እንዴት ቻልሽው ማለት ነበረበት። ከአፉ የወጣው ሌላ ነው።

«ከማን ያዘሽ?»

«አላውቅም። ካንተም ሊሆን ይችላል፣ ከሌላውም። ሁለታችሁም ቤተኛ ነበራችሁ።»

ሌላው። ሌላ መኖሩን ወልዴ ያን ቀን ገና መስማቱ ነው። የወንድ ነገር ይገርማል፤ ስለ ደሙ ከመደንገጡ በፊት ቀና። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ እሱስ በየትኛው ማንኪያ ይበላ እንደነበር ሊጠይቃት ሲል ሩቲ አቋረጠችው።

«ሚስትህ ወልዳለች ሲሉ ሰማሁ። ሂድና ንገራት፣ ወልዴ። የምታጠባ ሴት ናት።»

ይህን ብላ ወደ ሰልፉ ተመለሰች። እሱ ሒሳቡን ሳይቀበል ወጣ፤ ገሠሠ በዝናብ እየሮጠ ደረሰበት።

በማግስቱ ቡታጅራ ገባ። ሊነግራት ነው የሄደው፤ ይሄን ልመስክርለት። ትርሲት ራሷን ቅቤ ተቀብታ፣ አራስ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ልጅቱን ታጠባለች። ወልዴ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ቤቱ ፀጥ ብሏል። ልጅቱ ስትጠባ፣ ስትውጥ፣ እንደገና ስትስብ ይሰማል። ትንሽ ድምፅ ናት፤ በዚያ ቤት ግን ከእሷ በቀር የሚሰማ አልነበረም። አፉን ከፈተና ወልቂጤ ሥራ አለብኝ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለመናገርም ያስቀይማል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ ባልና ሚስት አይቀራረቡም። ወልዴ በዚያ ደንብ ውስጥ ተሸሸገ። እስከ ክርስትናዋ ምንም አላደርስባትም፣ ጊዜ አለኝ አለ። ትርሲት በእርግዝናዋ ሙሉ አብራው መተኛቷን፣ ደሟም የታየው ገና በመጀመሪያው መሆኑን እያወቀ፣ ነፃ ተብላለች እኮ ይላል ለራሱ። ቢሆንማ ይነገራት ነበር ይላል። ደግሞ ይኸው ሰው እኮ ነው፣ ወፍጯቸው ክፉ ድምፅ እያሰማ ሳይጠሩት የሚቆዩትን ጌቶች፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ የሚቆጣቸው።

ድምፁ ግን ተከተለው። ወልቂጤ የጋሽ ሸረፋ ወፍጮ ቤት የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲዞር፣ በድምፁ ውስጥ ልጅቱ ትጠባለች። ውሃ ቱቦ ውስጥ ሲሄድ ትጠባለች። ሰው ሻይ ፉት ሲል ብድግ ብሎ ይወጣል። የሴት ሰልፍ ባየ ቁጥር፣ በብናኙ ውስጥ አንዷ ረዘም ብላ የምትመለከተው ይመስለዋል፤ ጠጋ ሲል የማያውቃት ሴት ናት። አንድ ከሰዓት መውቀሪያውን ድንጋዩ ላይ አንስቶ ሳይመታ እንደያዘው ጋሽ ሸረፋ አገኙት። «አንተ ልጅ፣ አላህ ያሽርህ፣ ምን ነካህ?» አሉት። ወገቤን ነው አላቸው። ሊሸና ሲወጣ በሰባራ መስተዋት ፊቱን አየው። ነጭ ነው። ታጠበው። ታጥቦም ነጭ መሰለው።

በጳጉሜ፣ ሰው ሁሉ ለጠበል ወንዝ ሲወርድ፣ እሱ ወልቂጤ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ገባ። ጣቱን ወጉት፤ ብዙ አላስጠበቁትም። ያየችው ባለሙያ የእናቱ ታናሽ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ቫይረሱ እንዳለበት ቀስ ብላ ነገረችው። መድኃኒቱን በደንብ ከወሰደ ረጅም ዕድሜ እንደሚኖር አስረዳችው። ቀጥላ ባለትዳር እንደሆነ ጠየቀችው። የምታጠባ ሚስት አለችኝ ሲል እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ዛሬ ነገ ሳትል ከነልጅቱ አምጣት አለችው።

ለሃኒ ደወለላት። እሷንስ እንዴት ይተዋታል። ነግሯት ሲጨርስ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ነፃ ነን አላልከኝም?» አለችው። መልስ ሳትጠብቅ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ለእሱ ጠርቶ አያውቅም።

ቡታጅራ የገባው ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከተማው በርበሬና ቅቤ ይሸታል፣ መናኸሪያው ወደ አገሩ በሚገባ ሰው ተጨናንቋል። ትርሲት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ታጠባለች። ሲያያት ደስ አላት፤ ያ ደስታዋ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው። ዘንድሮ በባዶ እጄ ጥያ አልገባም አለችው። መስቀልን ጥያ ውለን፣ ክርስትናዋን እዚያው አንስተን እንመለሳለን፤ እናትህ እንግዲህ ሆዴን እያዩ አይተነፍሱም አለችና ሳቀች።

«ትርሲት፣ አንዴ ጡቱን ከአፏ አውጪው» አላት።

ልጅቱን ትን ያላት መስሏት ደንግጣ አወጣችው። ልጅቱ አለቀሰች። ወልዴ በልቅሶው መሃል የቀረውን ነገራት፤ የሩቲን፣ የሃኒን፣ የክሊኒኩን። መሬት መሬት እያየ ነበር የሚናገረው። ሲጨርስ ትርሲት ልብሷን ሰብስባ ዘግታ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

ከጳጉሜ ማለት ይችል ነበር። የተመረመረው በጳጉሜ ነው፤ ውሸት አይደለም። ሆኖም አልሆነለትም።

«ከሐምሌ» አለ።

ትርሲት አልጮኸችም። የምታለቅሰውን ልጅ አወዛወዘች።

«ከሐምሌ ወዲህ ይቺ ልጅ ስንቴ እንደጠባች ታውቃለህ?» አለችው። «ለማታውቀው ሰው እንኳ የመጀመሪያውን ዱቄት ትደፋለህ፣ ወልዴ።»

በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ትርሲትም ተገኘባት። ነርሷ ደግ ነበረች፤ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ትጀምሪያለሽ፣ ለልጅቱም የሚጠጣ እንሰጣታለን፣ ማጥባትሽን አታቋርጪ አለቻት። የልጅቱ ደም ተወስዶ ተላከ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ይቆያል። ብዙ ልጆች ያመልጣሉ አለች ነርሷ፤ ቶሎ ሲደረስባቸው። ቶሎ የምትለው ቃል ላይ ወልዴ በሩን ከፍቶ ወጣ። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ትርሲት ልጅቱን አዝላ ወጥታ፣ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።

ጥያ አልሄድም፣ የሰው ፊት አላይም ቢላት፣ አትቀርም አለችው። ለመስቀል ያልመጣ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ታስሯል ነው የሚባለው፤ አንተ አልሞትክም አለችው። በዚያ ሌሊት የሱን መኝታ በሩ አጠገብ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚተኛበት መደብ ላይ አነጠፈችለት። አልተሳደበችም፣ ለወንድሞቿም አልተናገረች። አንድ ነገር ብቻ ጀመረች። ልጅቱ ልትጠባ ስትል ትጠራዋለች። «ወልዴ፣ ና ተቀመጥ» ትለዋለች። ይመጣል፣ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። ልጅቱ ጠግባ እስክትተኛ አይነሳም። ትርሲት ልጅቱን አታይም፤ እሱን ነው የምታየው።

መስቀል ዋለ። ጥያ የአባቱ ግቢ በሰው ተሞላ፤ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከሐዋሳ የመጣው፣ ዓመት የተለያየው ሁሉ ይሳሳማል። በሬው ተጥሎ ወንዶቹ ሥጋው ዙሪያ ናቸው። ወልዴ ድንጋይ የለመደ እጁ ብርቱ ነው ተብሎ ክትፎውን እንዲከትፍ ቢላ ተሰጠው። ምሥጋና ከአንዷ አክስት ወደ ሌላዋ ትተላለፋለች፤ ስለታቸው የሠመረላቸው እናቱ እልል ይላሉ። እሱ ይከትፋል። ውጤቱ ገና አልመጣም።

ከዚያ ልጅቱ አለቀሰች። እናቱ፣ ርቧታል፣ ጡት ስጪያት እንጂ ልጄ አሉ። ትርሲት ከሴቶቹ መሃል ጥግ ይዛ ተቀመጠች፣ ቀና አለች።

«ወልዴ፣ ና ተቀመጥ።»

ቢላውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠራረገና በዚያ ሁሉ ዘመድ መካከል አልፎ ሄዶ ከፊቷ ተቀመጠ። አንደኛዋ አክስቱ ዓይኗን ማመን አቃታት። ወንድ ልጅ የመስቀል ሥጋ ጥሎ ልጁ ስትጠባ ሊያይ ይመጣል እንዴ አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት፤ እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል፣ እድለኛ ነሽ ትርሲት አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ፣ መረቁት፤ እናቱ በኩራት ዓይናቸውን ጠረጉ።

ትርሲትም ለሴቶቹ ፈገግ አለችላቸው። ዓይኗን ግን ከእሱ አልነቀለችም። ልጅቱ ትጠባለች፣ ትውጣለች፣ እንደገና ትስባለች፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ወልዴ የሚሰማው ያን ድምፅ ብቻ ነበር።